እናቴ ኤስካሌተር ትፈራለች፤ እንዴት ላስለምዳት?

ጥያቄው፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ወር ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ትመጣለች። ከሦስት ዓመት በፊት ስትመጣ ሜትሮ ጣቢያ ኤስካሌተሩ አፋፍ ላይ ስትደርስ እግሯ አልነሳ አላት። እኔ ቀድሜ ስለገባሁ ይዞኝ ወረደ፤ እሷ ላይ ቀረች። ከኋላ ያለው ሰው ሲጋፋት ለጥቂት ነው ያልወደቀችው። አሁን ደግሞ በስልክ የቻይናውን ቪዲዮ አይታ ‹እዚያ የሚበላ ደረጃ ላይ ሁለተኛ አልወጣም› ብላለች። የአራት ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ፤ እሱ በተቃራኒው ካልሮጥኩበት፣ ካልተቀመጥኩበት ይላል። ሁለቱን እንዴት ነው የማስለምዳቸው?»

እህቴ፣ ሊፍትና ኤስካሌተር ስጠግን አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ እዚሁ ሜሪላንድ። ድግስም ሆነ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ «አንተ የዚያ ነገር ባለሙያ አይደለህ?» ይሉና እንዳንቺ ያለ ጥያቄ ያመጡልኛል። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ቤትሽ ውስጥ አንድ የሚፈራና አንድ የማይፈራ ሰው አለ። እኔን የሚያሳስበኝ የማይፈራው ነው። የእናትሽ በትዕግሥት ይፈታል። የልጁን ጫማ ግን ዛሬ ማታ ተመልከቺው፤ ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ።

«የሚበላ ደረጃ» የሚሉት እናትሽ ብቻ አይደሉም። ያ ጥርሳም ብረት ደረጃውን ሲውጥ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው እሱን ነው። ቁጥሩ የሚለው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 በአገሪቱ 11,000 ያህል ሰው በኤስካሌተር ሳቢያ ተጎድቷል ብሎ ገምቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ እጅ፣ እግር ወይም ጫማ በማሽኑ የተያዘበት 10 ከመቶ ነው። አብዛኛው የወደቀ ሰው ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ሲያወራ የወደቀ፣ ስልኩን እያየ መጨረሻው የደረሰበት፣ ሁለት እጁን ዕቃ ሞልቶ መያዣ ያጣ። እኔም በሥራዬ የማየው ይኸው ነው፤ ሰው መሀል ላይ ብዙ አይወድቅም። የሚወድቀው ሲገባና ሲወጣ ነው። ስለዚህ ለእናትሽ የምታስተምሪያቸው ሁለት እርምጃ ነው፤ አንዷ የመግቢያ፣ አንዷ የመውጫ። መሀሉ መቆም ብቻ ነው።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ «ውሸት ነው እማዬ» አትበያቸው፤ ሆኗልና። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት ቻይና ውስጥ ጂንግዦው በምትባል ከተማ ነው። እናቲቱ ትንሽ ልጇን ይዛ ላይ ከደረሰች በኋላ፣ ከደረጃው ወርዳ የረገጠችው የወለል ክዳን ከዳት። ልጇን ወደ ፊት ገፍታ አተረፈችው፤ እሷ ግን ገባች። ልብ በይ፣ ደረጃው አይደለም የበላት። በኤስካሌተሩ ሁለት ጫፍ ላይ የምንረግጠው ሰፊ የብረት ወለል ክዳን ነው፤ እኛ ለጥገና ስንመጣ የምናነሳው እሱን ነው። ያ ክዳን ልል ሆኖ ሳለ ሰው እንዲያልፍበት ተደረገ። ጥፋቱ የተሳፋሪ አይደለም። ተሳፋሪ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አጭር ነው፦ ክዳኑ እግር ሲያርፍበት የሚወዛወዝ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ፣ ወይም ቢጫ አጥር ዙሪያውን ከቆመ፣ በዚያ አትሂዱ፤ ለጥበቃው ንገሩ። እኔ ከባለቤቴ ጋር ገበያ ስንሄድ እንኳ ክዳኑን ስረግጥ ድምፁን አዳምጣለሁ። እሷ «ዛሬ እሑድ ነው» ትለኛለች።

አሁን ወደ ማሽኑ። እናትሽ መቁጠሪያ ይዘው የሚመጡ ይመስለኛል። እሱን ተቀበያቸውና በሁለት ጣትሽ ወጥረሽ አዙሪው። ኤስካሌተር ማለት ያ ነው። ደረጃዎቹ እንደ መቁጠሪያው ፍሬ በሰንሰለት ተያይዘዋል፤ ላይ ሲደርሱ ይታጠፉና በሆድ በኩል ተገልብጠው ወደ ታች ይመለሳሉ። ጥርሱ ሥር የጠፋችው ደረጃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሌላው ጫፍ ብቅ ትላለች። ይሄን ያየ ሰው «ተበላ» ማለቱን ይተዋል፤ ቢያንስ የእኔ አክስት ትታለች።

ጥርሱን እኛ ኮምብ እንለዋለን፤ ማበጠሪያ ማለት ነው። የደረጃው ገጽ ላይ ደግሞ እንደታረሰ ማሳ ትልም ትልም አለው። የኮምቡ ጥርስ በየትልሙ ውስጥ እየገባ፣ ደረጃው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ወደ ላይ አንስቶ ወደ ወለሉ ያሻግራል። የጫማን ጫፍም የሚያነሳው እንዲሁ ነው። የተቀመጠው ለመከላከያ እንጂ ለመንከስ አይደለም። ጠጣር ነገር ቢቀረቀርበት ኮምቡ የተቀመጠበት ሰሌዳ ወደ ኋላ ይገፋና ከሥሩ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ኃይሉን ይቆርጠዋል። ችግሩ የሚመጣው ለስላሳ ነገር ሲሆን ነው። ክር፣ ጨርቅ፣ ለስላሳ ጎማ ሳይገፋው ሾልኮ ይገባል።

ሌላው የሚያስፈራቸው ፍጥነቱ ነው። የተለመደው ኤስካሌተር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። ይህ በሰዓት 1.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ እናትሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከዚህ እጥፍ በላይ ይራመዳሉ። ፈጣን የሚመስለው የቆመ ሰው ስለሚያየው ነው። ከዚያ ደግሞ ማንም ልብ የማይለው ነገር አለ። ደረጃው ከኮምቡ ሥር ሲወጣ ወዲያው ደረጃ አይሆንም፤ መጀመሪያ እንደ ጠፍጣፋ ምንጣፍ ነው የሚሄደው። በአውሮፓው መስፈርት ይህ ጠፍጣፋ ቦታ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። በግማሽ ሜትር ፍጥነት ስታካፍይው ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ይሰጣል። ስለዚህ እናትሽ እግራቸውን «ልክ መስመሯ ላይ እንዳላርፍ» ብለው ማነጣጠር የለባቸውም። የትም ይረፉ። እግራቸው ሁለት ደረጃ የሚለያይበት ስንጥቅ ላይ ካረፈ፣ ከመነሳቱ በፊት ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ለማድረግ ጊዜ አላቸው። ብዙ ሰው አፋፍ ላይ የሚደርቀው ይሄን ባለማወቁ ነው፤ ትክክለኛዋን ደረጃ እጠብቃለሁ ሲል ደረጃው ሁሉ ያልፈዋል።

የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ አድርጊው። ሰው የማይበዛበት ሰዓት፣ አጭር ኤስካሌተር ያለው ቦታ ምረጪ፤ የሥራ ቀን ጠዋት ላይ ሞል ጥሩ ነው። ሜትሮ አይሁን። ቡና ገዝታችሁ ከኤስካሌተሩ ጎን ቁሙና ዝም ብላችሁ ሰው ሲሳፈር እዩ፤ አሥር ደቂቃ። ቢጫው መስመር ከኮምቡ ሥር ብቅ ሲል ያሳዩሽ። ከዚያ ወደ ላይ በሚወጣው ጀምሩ። ወደ ታች የሚወርደው ገደሉን ስለሚያሳይ ጉልበት ያብረከርካል፤ እሱ የሌላ ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ላይ በኤስካሌተር ወጥታችሁ በሊፍት ውረዱ።

እጃቸውን ይዘሽ አትጎትቺ። ይህን በጣም ነው የምለምንሽ። ልጆች ሁሉ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፤ «ነይ እማዬ፣ ነይ ምንም የለውም» እያሉ ቀድመው ይገቡና ይስባሉ። ላይኛው አካል ወደ ፊት ሄደ፣ እግር ወለሉ ላይ ቀረ፤ የሚወድቁት እንዲህ ነው። አንቺ የሦስት ዓመት በፊቱን እንደነገርሽኝ ደግሞ ቀድሞ የገባ ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ፈሪው ብቻውን ይቀራል። ቀድመሽም አትግቢ፣ ኋላም አትቅሪ። ሰፋፊዎቹ ደረጃዎች አንድ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይይዛሉ። እሳቸው በመያዣው በኩል፣ አንቺ በሌላው ጎን ሁናችሁ በአንድ እርምጃ ግቡ። አንድ እጃቸው መያዣው ላይ ይሁን፤ በሌላው የአንቺን ክንድ ይያዙ። እሳቸው አንቺን ይያዙ እንጂ አንቺ እሳቸውን አትያዢ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የያዘ ሰው መልቀቅ ይችላል፣ የተያዘ አይችልም። ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከታች በኩል ሁኚ፤ ሲወጡ ከኋላቸው፣ ሲወርዱ ከፊታቸው።

ሲወርዱ ከፊት መሆን ያን የድሮውን ችግር ይመልሰዋል፤ አንቺ ገብተሽ እሳቸው ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ «ይዞኝ ከሄደ አንቺ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለሽ እዚያው ቁሚ፣ ተመልሼ እመጣለሁ።» በቃ። አንቺም በሚወርደው ላይ ሽቅብ ለመመለስ አትሞክሪ። እስከ ታች ውረጂና በሚወጣው ተመለሺ። እናቶች የሚደነግጡት ልጃቸው ከዓይናቸው ስትርቅ ነው፤ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ካወቁ ግን ተረጋግተው ይጠብቃሉ።

መውጫው የአዲስ አበባ ታክሲ ለተሳፈረ ሰው አዲስ አይደለም። «ወራጅ አለ» ብለሽ ሚኒባሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ስትወርጂ ምን ታደርጊያለሽ? መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ ሁለት ሦስት እርምጃ ትራመጃለሽ፤ ቀጥ ብለሽ ብትቆሚ ግንባርሽ ላይ ትተከያለሽ። ኤስካሌተርም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ይህኛው ረዳት የለውም እንጂ ይቀላል። ደረጃዎቹ መጨረሻው ላይ እንደገና ጠፍጣፋ ሲሆኑ እናትሽ የእግራቸውን ጣት ቀና አድርገው ኮምቡን ይሻገሩ፣ ከዚያም ሳይቆሙ ወደ ፊት ይሂዱ። አምስት ስድስት እርምጃ። እኛ ሰዎች ግን መውጫው ላይ ቆመን «ወዴት ነው? ቀኝ ነው ግራ?» እንላለን፤ ወይም ዘመድ አግኝተን እዚያው እንሳሳማለን። ከኋላ ያለው ሰው መቆም አይችልም፤ ማሽኑ ያመጣዋል። መሳሳሙ ይደርሳል።

መያዣው ጎማ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። ከደረጃው ጋር አንድ አካል አይደለም፤ በሰበቃ የሚነዳ ሌላ ቀበቶ ነው። የአውሮፓው መስፈርት ከደረጃው እስከ 2 ከመቶ ድረስ እንዲፈጥን ይፈቅድለታል። አጭር ኤስካሌተር ላይ አይታወቅም። አሁን ግን የእናንተን አካባቢ አስቢ። ዊተን ጣቢያ ያለው ኤስካሌተር 230 ጫማ፣ ወደ 70 ሜትር ነው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሳይቆራረጥ በአንድ የሚሄድ ረጅሙ እሱ ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። 2 ከመቶ በ70 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ40 ይሆናል። እጅ መያዣውን አንቆ ከያዘ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ሰውነት ይዘማል። እናትሽ መያዣውን ፈታ አድርገው ይያዙ፤ እጃቸው ሲቀድማቸው ለቀቅ አድርገው እንደገና ከወገባቸው ትይዩ ይያዙት። በጣም የዘገየ ወይም የሚያቋርጥ መያዣ ካያችሁ ግን ያ ብልሽት ነው፤ አትሳፈሩ።

ዊተንን ራሱን እናትሽ ላይ አትሞክሪው። እኔ እንኳ የጥገና ሰው ሆኜ፣ ከላይ ወደ ታች ስመለከት ጉድጓዱ ይስበኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀጥሎ፣ ከዊተን በፊት ያለው ፎረስት ግሌን ጣቢያ 60 ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ነው፤ እዚያ ኤስካሌተር ጨርሶ የለም፤ ሰው ሁሉ በሊፍት ነው የሚወርደው። በሊፍት መሄድ የሚያፍሩ ከሆነ እዚያ ውሰጃቸው፤ ወጣቱም ሱፍ የለበሰውም አብሯቸው ይገባል። ዊተንም ቢሆን ሊፍት አለው።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሰው በቀኝ ይቆማል፣ በግራ የቸኮለው ይራመዳል። እናትሽ በቀኝ ይሁኑ፤ ጎን ለጎን ስትቆሙ ከኋላ «ይቅርታ» የሚል ከመጣ ይጠብቅ። በዚህ ጉዳይ የራሴ አቋም አለኝ፦ ኤስካሌተር ላይ መራመድ ባይኖር ደስ ይለኛል። ጃፓን ውስጥ ሳይታማ የምትባለው ግዛት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ሰው ቆሞ እንዲሄድ የሚያዝ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች። ለንደን ሆልቦርን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 በሁለቱም ጎን ሰው እንዲቆም ሲሞከር በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ሰው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ረጅም ኤስካሌተር ላይ የሚራመደው ጥቂት ስለሆነ ግራው ባዶ ነውና። እዚህ ግን ልማዱ ልማድ ነው።

ሕዝብ ሲበዛ ቆዩ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 2010 ትልቅ ሰልፍ በነበረበት ዕለት እዚሁ ዋሽንግተን ላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ የሚወርደው ኤስካሌተር ሰው እንደ ጭድ ተጭኖበት ፍሬኑ አልያዘም፤ ፈጥኖ ወረደና ሰው ታች ተደራረበ። የተጎዱ ነበሩ። እንዲህ ያለው በጣም ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከኳስ ጨዋታ ወይም ከርችት ቀን በኋላ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ምንም አያጎድልም።

ስለ ልብስ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ የፋሲካ ዕለት ከሰዓት፣ ከቤተሰቤ ጋር አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ከፊታችን ከልጆቻቸው ጋር አንድ እናት ይወጣሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰዋል፣ አንደኛው ጫፍ ግን ከትከሻቸው ወርዶ ደረጃው ላይ ተኝቷል። ላይ ሲደርሱ ጥለቱ ኮምቡ ውስጥ ገባ። ልጆቻቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሦስቱም ነጠላውን ይዘው መጎተት ጀመሩ። ከሞተር ጋር ጉልበት መፈታተን! ነጠላው እየጠበቀ አንገታቸው ድረስ መጣ። ጮኼ «ልቀቁት!» አልኩና ቀዩን ቁልፍ መታሁት። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ብልህ የነበሩት፤ ነጠላውን ከትከሻቸው አሽቀንጥረው ከውስጡ ወጡ። ከኮምቡ ሲወጣ ያ የሚያምር ጥለት የክር ልቃቂት ሆኖ ነበር። እሳቸው ያለቀሱት ለነጠላው ነው።

ስለዚህ እናትሽ ነጠላም ጋቢም ቢለብሱ፣ ከመሳፈራቸው በፊት ሁለቱንም ጫፍ ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያድርጉ። ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ በመያዣው ተቃራኒ ባለው እጅ ትንሽ ከፍ ይደረግ። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችንም ዓባያ ሲለብሱ ያው ነው። ጨርቅ ከተያዘ አትጎትቱ፤ ልብሱን ጥሎ መውጣት ይቅደም። የጫማ ማሰሪያ ደግሞ አጥብቆ ማሰር ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ልጁ። ጫማውን ያልኩሽ ለዚህ ነው። ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ለስላሳ የጎማ ጫማ ካለው፣ ኤስካሌተር በምትሄዱበት ቀን አታድርጊለት። ያ የሸማቾች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2006 እስከ ሜይ 2008 ድረስ 77 ሰው ጫማው በኤስካሌተር እንደተያዘበት መዝግቧል፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም እንዲህ ያለ ለስላሳ ጫማ ነበር፤ ግማሽ ያህሉም ተጎድተዋል። ምክንያቱን እጅሽ ላይ ሞክሪው። እርጥብ የጎማ ጓንት አድርገሽ ጣትሽን መስታወት ላይ ጎትቺ፤ ይጣበቃል፣ ይለጠጣል። ደረጃው ሲሄድ የጎኑ ግድግዳ ቆሞ ነው የሚቀረው። በመካከላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ልጅ ደግሞ ጎኑን ተደግፎ መቆም ይወዳል። ጎማው ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ቆዳ ጫማ እንዲህ አይለጠጥም። ደረጃው ጠርዝ ላይ ያለው ቢጫ መስመር «ከዚህ ወዲህ እግር አታድርስ» ማለት ነው፤ ለልጅሽ እንደ ጨዋታ አስተምሪው፣ ቢጫው እሳት ነው በይው። በጎን ያለው ጥቁር ብሩሽም እግር ለማራቅ የተሠራ ነው፤ ጫማ መጥረጊያ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ጫማቸውን ሲያስጠርጉበት አያለሁ፤ ዝም እላለሁ፣ ውስጤ ግን ዝም አይልም።

መቀመጥን በተመለከተ ድርድር የለም። ልጅ ሲቀመጥ እጁ፣ ሱሪው፣ መቀመጫው ኮምቡ ዘንድ የሚደርስ ነው፤ የቆመ ልጅ ግን በጫማው ብቻ ነው የሚነካው። ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ፣ እጁን አንቺ ይዘሽው፣ መሀል ላይ ይቁም። እናትሽን አትያዢ ያልኩሽ ልጁን አይመለከትም፤ እሱን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። መያዣው ጎማ ላይ መንጠልጠልም፣ መያዣው ወለሉ አጠገብ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጉድጓድ ላይ ጣት መክተትም ክልክል። እናትሽን እና ልጁን ለብቻሽ በአንድ ጊዜ ኤስካሌተር ላይ አታውጪ። ያለሽ ሁለት እጅ ነው፣ አንዱ ደግሞ ለራስሽ ያስፈልግሻል። ሁለቱም አብረውሽ ካሉ ሊፍት።

ጋሪ፣ ዎከር፣ ምርኩዝ ያለው ሰው ኤስካሌተር አይሳፈር። ይህን ላስረዳው የሚገባ አይመስለኝም።

ቀዩ ቁልፍ ያለው በላይም በታችም ጫፍ ላይ ነው፤ መያዣው በሚታጠፍበት አካባቢ ዝቅ ብሎ። እዚህ አገር አብዛኛው ክዳን አለው፤ ክዳኑ ሲነሳ ሊጮኽ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ ተጫኚው። ሰው ቢወድቅ፣ ልብስ ወይም ጫማ ቢያዝ አታመንቺ፤ ያለ አግባብ ሲጫኑት እንጂ ለሰው ሕይወት ሲጫኑት የሚቆጣ የለም። ጊዜ ካለሽ ብቻ መጀመሪያ «ያዙ!» ብለሽ ጩኺ። ፍሬኑ ማሽኑን በአንድ ጊዜ ገትሮ አያቆመውም፤ በአውሮፓው መስፈርት መሠረት በሰከንድ ግማሽ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ኤስካሌተር የሚቆመው ከ20 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ሄዶ ነው። ሆኖም ያልያዘ ሰው ይንገዳገዳል። አዲስ ቦታ ስትደርሺ ቁልፉ የት እንዳለ በዓይንሽ መፈለግ ልማድ ይሁንሽ።

የቆመ ኤስካሌተር ሌላ ጉድ ነው። «ቆሟል፣ እንግዲህ ደረጃ ነው» ብለው ሰዎች ይወጡበታል። የደረጃው ቁመት ከቤት ደረጃ ይበልጣል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይና ከታች ጫፍ ያሉት ደግሞ አጠር አጠር ይላሉ። እግር አንድ ዓይነት ቁመት ሲጠብቅ ሌላ ያገኛል። በዚያ ላይ ኤስካሌተር የለመደ ሰው ቆሞ ባየው ማሽን ላይ ሲገባ ሰውነቱ በራሱ ወደ ፊት ይዘማል፤ አእምሮ መንቀሳቀሱን ስለለመደ ነው። እኔ ራሴ ያጠፋሁት ማሽን ላይ ስረግጥ ይሄ ነገር ይመታኛል፤ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ አልለቀቀኝም። ለእናትሽ ጉልበት የቆመ ኤስካሌተር ከሚሄደው ይከፋል።

መነጽራቸውን ሳልጠይቅሽ። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለማንበብ የሆነ ባለ ሁለት ዓይነት መነጽር ካደረጉ፣ እግራቸውን ሲያዩ በማንበቢያው በኩል ስለሆነ ወለሉ ይደበዝዝባቸዋል። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በላይኛው በኩል ይመልከቱ፤ ወይም የሩቁን ብቻ ያድርጉ። እግር አልነሳ የሚላቸው አንዳንዴ ፍርሃት ሳይሆን በእውነት መስመሩ ስለማይታያቸው ነው። እናቴ ላይ ይሄን የደረስኩበት ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው።

የቀረው ጉዞው ነው። ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ፣ በርበሬና ሽሮ የሞላው የእጅ ቦርሳ፣ ትከሻ ላይ ደግሞ ጋቢ። በዚህ ሁኔታ ኤስካሌተር አይታሰብም፤ ጎማ ያለው ሻንጣ ደረጃው ላይ ከእጅ ካመለጠ ከታች ያለውን ሰው ነው የሚያገኘው። ዊልቸር አሳዝዢላቸው። «እኔ አንካሳ ነኝ ወይ?» ይሉሻል፤ ሁሉም ይላሉ። «ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በር ድረስ እንዲያደርስሽ ነው እማዬ» በያቸው፣ ውሸትም አይደለም። ከቦሌ ጀምሮ የሚገፋቸው ሰው በሊፍት ነው የሚወስዳቸው፤ እዚህም ሲደርሱ እንዲሁ። ትኬቱን ለቆረጠላችሁ ወኪል ደውለሽ ዛሬውኑ አስመዝግቢ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ደርሶ መጠየቅ ረጅም ሰልፍ ነው።